የአንድ እንቁላል ብረት

የእምራዝ ሰዎች ክፉውን ዘመን የሚቆጥሩት እሳት ማሞቅ ካቆመበት ማለዳ ጀምረው ነው። እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ድግስና ፌሽታ የሚያወራላችሁ ሰው አይጠፋም፤ የእኔ ወሬ ቀዝቃዛ ነው፣ ልብሳችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

በዚያ ማለዳ የንጉሥ ድልአየሁ ዘበኞች የእሳቱን አዳራሽ በር ተገንጥሎ አገኙት። ሰባት ነገሥታት የተፈራረቁበት ታላቁ የብረት ምድጃ ከነፍሙ የለም። በድንጋዩ ወለል ላይ የቀረው ሦስት ጥፍር ያለው፣ ሰፌድ የሚያህል የእግር ዱካ ብቻ ነበር። ዱካው አደባባዩን አልፎ፣ የከተማውን ቅጥር ጥሶ፣ በስተ ሰሜን ወደ ቆሬን ተራራ ይሄዳል።

ያ ፍም «ሥረ እሳት» ይባል ነበር። በእምራዝ የሚነድ እሳት ሁሉ፣ የጌታውም የድሀውም፣ ሙቀቱን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ፍሙ ከአዳራሹ በወጣ ዕለት የአገሩ እሳት አልጠፋም። ጉዱ ይኸው ነው! እሳቱ ይነዳል፣ ይንቦገቦጋል፣ ቤቱን ያበራል፤ ግን አያሞቅም። ድስት ጥደው እስከ እኩለ ቀን ቢማግዱ ውሃው ከምንጭ እንደ ተቀዳ ቀዝቅዞ ይቆያል። እጅህን ነበልባሉ ውስጥ ብትከት ከብርሃን በቀር የሚነካህ ነገር የለም። በሳምንቱ ብርዱ ከቆሬን ወረደ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሕፃናት መተኛት ጀመሩ።

እንቅልፉ ሕመም አይመስልም። ልጁ «ደከመኝ» ይላል፣ ይጋደማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ይቀጥናል፣ ቢጠሩት አይሰማም። እንዲህ ሆኖ ከሃያ ቀን በላይ የቆየ ልጅ አልታየም።

በከተማው ዳር ትብለጥ የምትባል፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ገበቴ ጠራቢ ትኖር ነበር። እናትና አባቷ ሞተው ያላት አንድ ነገር የሰባት ዓመት እህቷ ስመኝ ናት። እንጨት መጥረብ ያስተማራት ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ፣ የደን ሰው የነበረው ጋሽ ጉልማ ነው። ሚስቱ እትዬ ማርዘነብ ልጅ ስላልወለደች ስመኝን የምታጥባትም፣ የምትቆጣትም፣ ፀጉሯን የምትሠራትም እርሷ ነበረች። ስመኝ «ደከመኝ» ባለች ቀን ትብለጥ አቅፋ ወሰደቻትና በማርዘነብ አልጋ ላይ አስተኛቻት። ሁለቱም ሴቶች ቁጭ ብለው ሃያውን ቀን መቁጠር ጀመሩ።

በማግስቱ ንጉሡ ሕዝቡን በአደባባይ ሰበሰበ።

«የእምራዝ ልጆች ሆይ! ፍማችንን የወሰደው አውሬው ሞረዴ ነው። አባቶቻችን ጽፈው እንዳቆዩልን ሞረዴ ዓይን የለውም፤ የሚኖረው በአፍንጫው ነው፤ የሚያሸተውም ብረት ብቻ ነው። ብረት ይበላል፤ ብረቱን የያዘውንም አብሮ ይበላል። ጦርና ጋሻ ይዞ ቆሬንን የወጣ ሠራዊት ተመልሶ አያውቅም። ነገር ግን ከአንድ የዶሮ እንቁላል የማይከብድ ብረት ከሩቅ አይሸተውም። በአንድ እንቁላል ብረት ተራራውን ወጥቶ የአገሬን ፍም የሚመልስልኝ ማን ነው?»

ሰዉ ወደ መሬት አቀረቀረ። በእንቁላል ክብደት ምን ይሠራል? ሰይፍ አይሠራም፣ የጦር ጫፍ እንኳ በቅጡ አይሠራም። ያለ ብረት መሄድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ፍሙ ባለበት በቆሬን ላይ እሳት እንደሚሞቅ ይነገራል፤ እዚያ ሳያነድ የቆየ ሰው ብዙ ጠዋት አያይም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ትብለጥ።

«እብድ ናት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እብድስ አንተ፣ እዚህ ቆመህ የምትሞተው» አለና ጋሽ ጉልማ ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት ወጣ። «ይቺ ልጅ ብቻዋን አትሄድም፣ እኔ አለሁ።»

ሦስተኛው ወሰንየለህ ነበር፤ የንጉሡ የእህት ልጅ፣ መልከ መልካም፣ ሰይፍ አዋቂ፣ ትዕቢቱም ለጉድ። ሕዝቡ ከመጀመሪያውም የሚጠብቀው እርሱን ስለነበር እልል አለ። ሦስቱም በባዶው አዳራሽ ተንበርክከው ማሉ፤ «ሥረ እሳቱን ሳልይዝ ብመለስ ደጄ ይዘጋ! ስሜ በሰው ምድጃ ዳር አይነሳ! ምድር እንኳ ሬሳዬን አትቀበል!»

ከመሐላው በኋላ ወደ ጦር ዕቃ ቤቱ ገቡ። በመካከሉ ሚዛን ተሰቅሏል፤ በአንዱ ሳህን ላይ አንድ እንቁላል ተቀምጧል። ለሦስት ሰው አንድ እንቁላል፣ ስለዚህ ለሦስት ሰው አንድ ቢላዋ። እጀታው እንጨት ስለሆነ አይቆጠርም፤ የሚመዘነው ብረቱ ነው።

መጀመሪያ የመረጠው ወሰንየለህ ነው፤ ማን ሊቀድመው! ስንዝር ተኩል የሚረዝም፣ እጀታው በወርቅ የተለበጠ፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ጩቤ አነሳ። ሲመዘን እንቁላሉ ከበደ።

«ረጅም ነው፣ ቀላል ነው፣ ለመኳንንት ልጅም ይመጥናል» አለ። «ሌላ ምን ቀረ?»

«እንጨት ቀረ» አለች ትብለጥ።

አንድ የወይራ ግንድ አመጣች። ጩቤውን በግንዱ ራስ ላይ አቆመችና ጀርባውን በዱላ አንዴ ብትለው ተጠማዞ ቀረ። የዕቃ ቤቱ ሹም ራሱን ያዘ። «ኧረ በሕግ! የንጉሡን ቅድመ አያት ጩቤ!»

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለች፣ ይቅርታው ግን ድምፅዋ ላይ አልነበረም። «ቆሬን ላይ ከሞረዴ በፊት የሚገድለን ርጥብ እንጨት ነው። ዛፉ ከላይ በበረዶ ቢርስም ልቡ ደረቅ ነው፤ እዚያ ለመድረስ መፍለጥ አለብን። የሳሳ ቢላዋ አይፈልጥም። ጀርባው የዶለዶመ ደግሞ ባልጩት ሲመታ ብልጭታ አያወጣም። ስለዚህ ወፍራም ጀርባ፣ የጀርባው ጠርዝ ስል፣ ብረቱም እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው የዘለቀ እፈልጋለሁ።»

«በእንቁላል ክብደት?» አለ ሹሙ።

«በእንቁላል ክብደት።»

ከዚያ የተጀመረው ነገር ለመኳንንቱ ስድብ ነበር። ልጅቷ የነገሥታትን ስለት እያነሳች በግንዱ ላይ ትፈትናለች። አንዱ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ ዱላ ሲያርፍበት ዱላውን በላው እንጂ እንጨቱን አልፈለጠም። የሚታጠፍ መጣ፤ መታጠፊያው ላይ ላላ። ጥሩ የሚፈልጥ አንድ ተገኘ፤ ሁለት እንቁላል ተኩል ሆነ። ወሰንየለህ ግድግዳ ተደግፎ ያዛጋ ጀመር። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ሆነ፤ በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሲያይ የነበረው ቀጥቃጩ እንዳላማው ከወገቡ የራሱን የሥራ ቢላዋ መዘዘ። እጀታው በላብ የጠቆረ፣ ሰው መንገድ ላይ ቢያየው የማያነሳው ነበር። ግንዱን በሁለት ምት ለሁለት ከፈለው። እጀታው ወልቆ ሲመዘን ግን ከእንቁላሉ በሲሶ በለጠ።

«ሲሶው ከየት ይቀነስ?» አለ እንዳላማው። «እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጅራቱን ልቁረጠው?»

«ጅራቱ ካጠረ ስፈልጥበት ከእጀታው ይነቀላል። ከጫፉ ቁረጠው።»

ብረቱ በእሳት የሚግል አልሆነም፤ የሚያሞቅ እሳት የት አለና? በሞረድ ሲፈገፍጉት ዋሉ። ሲጨርሱ ስለቱ አራት ጣት ብቻ ሆኖ ቀረ። እጀታውን በምስማር ፋንታ በሙጫና በጅማት አሠሩት፤ ምስማርም ብረት ነው። ወሰንየለህ አይቶ ሳቀ። «አገር ለማዳን የሽንኩርት ቢላዋ!»

ሚዛኑ እኩል ቆሟል። እንዳላማው ግን ሞረዱን አላስቀመጠም። «ልጄ፣ ከጀርባው ጥቂት ልውሰድና የባቄላ ፍሬ ታህል ትርፍ ትኑርሽ። ልክ በልክ መሄድ አልወድም።»

«ጀርባው ከዚህ ከሳሳ አይችልም። ይብቃ፣ እኩል ነው» አለች።

እጇ የሚያውቀውን ነገር ሲነኩባት ግትር ነበረች፤ ይህን አልደብቅላችሁም።

ሲወጡ የቀበቶ ዘለበት፣ የጫማ ምስማር፣ የልብስ መርፌ ሳይቀር አራገፉ። ማርዘነብ በር ላይ ቆማ ለባልዋ የእንጉዳይ ዱቄት በቀንድ ሰጠችው። ይህ በዛፍ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ሲደርቅ እንደ ክር ቀስ ብሎ ይጤሳል እንጂ ቦግ ብሎ አይነድም፤ ፍም የሚመጣው በዚያ ውስጥ ተቀብሮ ነው። «ይዘሃት ና» አለችው፤ ትብለጥን ማለቷ ነው።

በመጀመሪያው ማምሻ ትብለጥ የደረቀ ጽድ መረጠች፣ ፈለጠች፣ ከልቡ ቀጭን ፍቅፋቂ ላገች፣ የቢላዋውን ጀርባ በባልጩት መታች። እሳቱ ተያያዘ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ምንም የለም። ተያይዘው አድረው ነጋ። በሦስተኛው ቀን ግን ጋሽ ጉልማ መዳፉን ነበልባሉ ላይ እንዳደረገ ቆየና «ኧረ ለብ አለ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ፍሙ ሲቀርቡ እሳታቸው ይሞቃል፤ ሲስቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲያ መንገድ ያሳያቸው ይኸው ሆነ። በበረዶ ጉም ውስጥ አቅጣጫ ሲጠፋባቸው ይቆማሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ እሳት ይጭራሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

በአራተኛው ቀን ወሰንየለህ አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ ስጪኝ» አለ። ፍቅፋቂ ሲልግ አውራ ጣቱን ቆረጠ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ሁለተኛም ቆረጠ። ጋሽ ጉልማ «እንዲህ ከሆነ ሞረዴ ሳይደርስብን አንተው ታልቃለህ» ብሎ ሲስቅ የንጉሡ የእህት ልጅም አብሮ ሳቀ። በዚህ ወሬ ውስጥ የተሳቀው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ እኔም ብሆን አዝናለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጠባብ የገደል መንገድ ይዘው ሲሄዱ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከበላያቸው በጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ይተነፍስ ነበር፤ አየር ሲስብ በረዶው ሁሉ ወደ ላይ ይነሳል።

«ብረት ሸቶታል» አለ ጋሽ ጉልማ ጆሮዋ ላይ።

«ተመዝኗል! ልክ ነው!» አለችና ወደ ወሰንየለህ ዞረች። በድንጋጤ «እርስዎ» ማለቱን ረሳችው። «ምን ደብቀሃል? ተናገር!»

«በአባቴ አጥንት፣ ምንም!» ካባውን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ በዚያ ብርድ ራቁቱን ቆመ። በቀኝ ክንዱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ነበረች።

«ይቺስ?» አለ ጉልማ።

«የደም ፍሬዬ ናት። ከነገሥታት ቤት የተወለደ ወንድ ሁሉ በአርባ ቀኑ ይቀበርለታል።»

«ከምን ትሠራለች?»

ወሰንየለህ አፉን ከፈተ፣ ከዚያም ፊቱ አመድ መሰለ። «ከ... ከአያታችን ጦር ጫፍ።»

ይኸውላችሁ! መርፌ የፈተሸ ቤተ መንግሥት፣ ዘለበት ያስፈታ ንጉሥ፣ ይህን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ለነርሱ ያቺ ፍሬ ብረት አልነበረችም፤ ዘር ነበረች፣ ሥጋ ነበረች።

«ትወጣለች» አለች ትብለጥ።

«ይህ ብረት አይደለም፣ እኔ ነኝ!» ብሎ ክንዱን በእጁ ሸፈነ። ከላይ ድንጋይ እየተንከባለለ ወረደ። ወሰንየለህ ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ክንዱን ዘረጋላት፣ ካባውንም በጥርሱ ነከሰ። አጭሩ ስለት ሥራውን በሁለት ትንፋሽ ጨረሰ። ጉልማ ደም የተነከረችውን ፍሬ ወደ ገደሉ ወረወራት። በጉሙ ውስጥ ታላቅ አካል በአጠገባቸው አልፎ ወረደ፤ ከታች ብረት ሲቆረጠም ተሰማ።

ትብለጥ ክንዱን አሠረችለት። «ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ቀጥቃጩ ትርፍ ተዪ ብሎኝ ነበር። ያቺን ታህል ብተው ይቺ ፍሬ ባልተቆጠረች። በግትርነቴ ክንድህን በላሁት።»

ወሰንየለህ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንዱ አበጠ፣ ትኩሳት ያዘው፣ ግን ወደ ኋላ አልቀረም።

በስምንተኛው ቀን እሳታቸው ፊት ይለበልብ ጀመር። ከቀትር በኋላ የሞረዴን ዋሻ አገኙት። አውሬው ዋሻው አፍ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ቆዳው የዛገ ብረት ነው፣ ዓይን በሚሆንበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ አለ። ከጎድኑ ጀርባ የታላቁ ምድጃ ስባሪ፣ በስባሪው ላይ ጡጫ የሚያህል ፍም ይታያል። እርሱን ሳያነሱ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ ሲነሳ ደግሞ የሚከተለው ነገር ያስፈልገዋል። ያላቸው ብረት አንድ ነው።

ወሰንየለህ ደህናውን እጁን ዘረጋ። «ቢላዋውን ስጪኝ።»

ትብለጥ እጀታውን ጨበጠች። «ያለ እርሱ መውረድ አንችልም። የስድስት ቀን መንገድ ነው፤ በምን እንፈልጣለን?»

«ስጪው፣ ልጄ» አለ ጋሽ ጉልማ ቀስ ብሎ። ቢላዋው ሲሰጥ ምን እንደሚታጣ ከሦስቱ አብልጦ የሚያውቅ እርሱ ነበር። «ፍሙን እናውጣ፤ የመውረዱን ስንወርድ እናያለን።»

ከመስጠቷ በፊት ከጽድ እንጨት መቆንጠጫና ለቀንዱ ክዳን ጠረበችበት። ወሰንየለህ ቢላዋውን ተቀብሎ በግንባሩ ነካው።

«ትብለጥ ሆይ፣ በዕቃ ቤቱ የሳቅሁበትን በዚህ እክሰዋለሁ። ለአጎቴ ለንጉሡ ይህን ንገሪ፤ ወሰንየለህ የደም ፍሬውን አውጥቶ ጥሏል፣ የነገሥታት ዘር ግን ከክንዱ አልወጣም። ከእንግዲህ የሚወለዱ ልጆችንም ተዉአቸው፤ ብረት አይቅበሩባቸው።»

ከበረዶው ሜዳ ማዶ ሄዶ ቢላዋውን በባልጩት መታ። ከተራራ ተራራ ያስተጋባ ድምፅ ነበር። የተፋቀው ብረት ሽታ ሲደርሰው ሞረዴ ራሱን አነሳ። ወሰንየለህ እየመታ፣ እየሮጠ፣ የአባቶቹን ፉከራ እየፎከረ በሜዳው ዳር ወዳለ የበረዶ ስንጥቅ ገሰገሰ፤ አውሬው ደረሰበት፤ በአፋፉ ላይ ከነቢላዋው ወደ ታች ዘለለ፤ ሞረዴም ሽታውን ተከትሎ ገባ። በረዶው በላያቸው ተናደ። ስንጥቁ ከመቶ ክንድ ይጠልቃል። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም።

ትብለጥ ፍሙን በመቆንጠጫው አንስታ በቀንዱ ውስጥ በእንጉዳዩ ዱቄት ቀበረችው፣ ክዳኑን በሙጫ አተመችው። ክዳኑ በመንገድ ከተከፈተ ነፋስ ፍሙን በልቶ ይጨርሰዋል። ወደ ደረቷ አስገባችውና መውረድ ጀመሩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዋሻና በቅጠል ሥር ተቃቅፈው አለፉ። በአራተኛው ቀን ወንዝ ሲሻገሩ በረዶው በጋሽ ጉልማ እግር ሥር ተሰበረና እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ጎትታ አወጣችው። ልብሱ ወዲያው ደረቀ፤ ደረቀ ስል እንደ ቆርቆሮ ጠነከረ ማለቴ ነው። ዙሪያውን ጽድ ሞልቷል። የእያንዳንዱ ዛፍ ልብ ደረቅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ትብለጥ ቅርንጫፍ በድንጋይ ደበደበች፣ በጥርሷ ላጠች፣ ጥፍሮቿ ተነቀሉ። ያገኘችው ርጥብ ልጥ ብቻ ነው። አራት ጣት ስለት ቢኖራት ብርዱ ጉልማን ገና ሳያንቀጠቅጠው እሳት ባነደደች ነበር። የመንግሥቱ ሙቀት በሙሉ በደረቷ ውስጥ አለ፤ ሰውየው አጠገቧ በብርድ ይሞታል።

ቀንዱን አውጥታ ክዳኑን ያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እከፍተዋለሁ። ትንሽ ይሞቅዎታል፣ ቶሎ እዘጋዋለሁ።»

«በርጥብ እንጨት ላይ ፍም አስቀምጠሽ? ይጠፋል።» ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር የሚናገረው። «ስንት ቀን ሆናት ስመኝ?»

ትብለጥ ክዳኑን አልለቀቀችም።

«ንገሪኝ እንጂ፣ ስንት?»

«አሥራ አራት።»

«እንግዲያ አትክፈቺው። እኔን እያየሽ አይደለም የማልሽው።»

«ጋሽዬ፣ አልችልም! እንዴት አድርጌ ዝም ብዬ አያለሁ?»

«ማየት ካቃተሽ ዞር በይ።»

አልዞረችም። ቀንዱን በሁለቱ ደረት መካከል አድርጋ አቀፈችው፤ ከተዘጋ ቀንድ የሚወጣው ሙቀት ግን ለአንድ ሰው ደረት እንኳ በቅጡ አይበቃም። ጥቂት ቆይቶ ጉልማ ቀንዱን በክርኑ ወደ እርሷ ገፋው። እንደገና ስታስጠጋው እንደገና ገፋው። ሦስተኛ ጊዜ ስታስጠጋው አልገፋውም፤ ሞቶ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በበረዶ ሸፈነችው፤ መቆፈሪያ የላትም። እየጮኸች አለቀሰች፣ ተራራውን ረገመች፣ ንጉሡን ረገመች፣ ከዚያ ተነስታ ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ከተማ ገባች። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች በሩ ላይ ተቀብለዋት በትከሻቸው ወደ አዳራሹ አገቧት፤ ፍሙን በአዲስ የሸክላ ምድጃ ላይ አስቀመጠችው። በዚያች ቅጽበት በእምራዝ ያለ እሳት ሁሉ ሞቀ። ከየቤቱ ጩኸት ተሰማ፤ እጁን ነበልባል ውስጥ ከትቶ የተቃጠለ ሰው በደስታ ሲዘል የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ «የምትፈልጊውን ጠይቂ» አላት። የወሰንየለህን ቃል ነገረችውና ሌላ ሳትጨምር ወጣች። መለከቱ ሲነፋ እርሷ በጓሮ መንገድ ወደ ሠፈሯ ትሮጥ ነበር።

የማርዘነብ በር ክፍት ነው። ስመኝ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ትኩስ አጥሚት በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች። ከንፈሯ ቀልቷል። «ትብልዬ፣ አፌን አቃጠለኝ!» አለች።

ትብለጥ ወደ እህቷ አልሮጠችም። እግሯ ደጃፉ ላይ ቀረ፤ ማርዘነብ ከምድጃው ዳር ተነስታ ቆማ፣ በትብለጥ ትከሻ ላይ አሻግራ መንገዱን ታይ ነበርና። ሴትዮዋ ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አየች። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

«ወደ ኋላ ቀርቷል?» አለች በመጨረሻ።

«አይ እትዬ።»

ማርዘነብ መቀመጫዋን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «አውሬው ነው?»

«አውሬው አይደለም። ብርዱ ነው።» ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። «በጣም በረደው።»

«እሳቱ በእናንተ እጅ ነበር?»

«በደረቴ ውስጥ ነበር፣ እትዬ። ልከፍተው ስል ከለከለኝ። ስመኝ ስንት ቀን ሆናት ብሎ ጠየቀኝና ከለከለኝ።»

ማርዘነብ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አላወጣችም፤ ልጅቷ እየጠጣች ነው። ቆየት ብላ ፊቷን ጠረገች፣ የትብለጥን የተነቀሉ ጥፍሮች አየች፣ ከምድጃው አጠገብ ካሉት ሁለት መቀመጫዎች ባዶውን በእግሯ ወደ እሳቱ አስጠጋችው።

«ግቢ» አለች። «ግቢና በሩን ዝጊው፣ ልጅቷን ይበርዳታል።»